አደይ፦ በራሷ የምትመጣ የምትመስለው አበባ



እነሆ ክረምቱ ሊወጣ፣ ዘመኑም ሊለወጥ ነው። የዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን በየዓመቱ በዚህ ወቅት ደጃችን ስለምትደርስ እንግዳ ነው፤ ስለ አደይ አበባ። «አበባ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?» የምትል እህት ትኖር ይሆናል። አላት። የአደይ ታሪክ የንብ ታሪክ ነው፤ የማርና የጧፍ፣ የዘይትና የጠጅ፣ የልጃገረዶችም ታሪክ ነው።

አደይን የማያውቅ የለም። በእንቁጣጣሽ ካርድ ላይ አለች፣ በበዓል ቀሚስ ጥልፍ ላይ አለች፣ ለሴት ልጆቻችንም ስም ሆናለች። ነገር ግን ከየት ትመጣለች፣ ኅዳር ሲገባ ወዴት ትሄዳለች፣ ማንን ትመግባለች ብንባል የብዙዎቻችን መልስ አጭር ነው፦ «መስከረም ሲጠባ በራሷ ትበቅላለች።» ማንም አይዘራትም፣ ማንም አይኮተኩታትም፣ ማንም አያጠጣትም። ስለዚህም ማንም አያስብላትም።

ነገሩ ለእኛ የወግ ብቻ አይደለም። ከቁጠባችን በተሰጠ ብድር ቀፎ ገዝተው ንብ የሚያረቡ እህቶች በመካከላችን አሉ። ብድሩ የሚመለሰው ከጥቅምትና ከኅዳር ማር ነው። የጥቅምት ማር ደግሞ የመስከረም አበባ ውጤት ነው። እንግዲህ አደይ «በራሷ ትመጣለች» የሚለው አባባል ምን ያህል እውነት እንደሆነ ማወቅ ይገባናል።

ስሟና ዘመዶቿ

በአማርኛ አደይ አበባ ወይም የመስቀል አበባ እንላታለን። በትግርኛ ገልገለ መስቀል፣ በኦሮምኛ ኬሎ ትባላለች። ሁሉም ሕዝብ በየቋንቋው ስም ያወጣላት መሆኑ ብቻውን ምስክር ነው፤ ሰው ስም የሚያወጣው ለሚጠብቀውና ለሚናፍቀው ነገር ነውና።

በእርግጥ አደይ የምንላት አንዲት ብቻ አይደለችም። በጣም የሚመሳሰሉ፣ የቅርብ እህትማማች የሆኑ በርከት ያሉ ዕፅዋት በዚሁ ስም ይጠራሉ። የዕፅዋት ሊቃውንት ወገናቸውን «ቢደንስ» ይሉታል፤ በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ነው። ስሙን የሰጠው ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ነው። ጥርስ ያለው በብዙዎቹ ዘር ጫፍ ላይ የሚገኙትን ሁለት ሹል እሾሆች አይቶ ነው። በመንገድ ስናልፍ ቀሚሳችን ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረን ጭጎጊት የዚሁ ወገን ነው። አደይና ጭጎጊት እህትማማቾች ናቸው ቢባል ማን ያምናል? አንዷን ፀጉራችን ላይ እንሰካታለን፣ ሌላዋን ከቀሚሳችን ላይ እየለቀምን እንጥላታለን።

ራቅ ያሉ ዘመዶችም አሏት። ኑግ፣ ሱፍና መጭ ከአደይ ጋር የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ኑግን ወደፊት እንመለስበታለን፤ በአደይ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው።

አደይ የደጋና የወይና ደጋ ልጅ ናት። በግጦሽ ሜዳ፣ በእርሻ ዳር፣ በመንገድ ዳርና በተራራ ጥግ ትበቅላለች። የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ከመሬት ብቅ ትላለች፣ ክረምቱን ሙሉ በሳሩ መሀል ዝም ብላ ታድጋለች፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ታብባለች። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ትደርቃለች። ደረቀች ስንል አለቀች ማለት አይደለም፤ የደረቀው ራሷ ዘር ይዟል። ያ ዘር መሬት ላይ ወድቆ በጋውንና በልጉን አልፎ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል።

የታሪኳ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አደይ በየዓመቱ የምትመጣው ባለፈው ዓመት ዘር ጥላ ስለሄደች ነው። ዘር ሳትጥል ከተነቀለች፣ ከታጨደች ወይም ከተቃጠለች በዚያ ቦታ የሚመጣው መስከረም ይሳሳል።

ሊቃውንት እንዴት መዘገቧት?

እ.ኤ.አ. በ1837 ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ወደ ትግራይ መጣ። ሥራው የሀገሩን ዕፅዋት እየለቀመ፣ በወረቀት መሀል እያደረቀ ወደ አውሮፓ መላክ ነበር። ሺምፐር እንደ ሌሎቹ ተጓዦች አይቶ አልተመለሰም። ደጃዝማች ውቤ እንትጮን አስተዳድር ብለው ሾሙት፣ የሀገሩን ሴት አገባ፣ አርባ ዓመት ያህል ኖሮ በ1878 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ ዐረፈ።

ሺምፐር ከላካቸው ዕፅዋት መካከል የአደይ ወገኖች ነበሩበት። ሹልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ መርምሮ ስም አወጣላቸው፤ «ኮሪዮፕሲስ» ከሚባል ወገንም መደባቸው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ፍቺውም «ትኋን የሚመስል» ነው፤ ዘሩን አይተው ነው እንዲያ ያሉት። ልጃገረዶቻችን ዘመን የሚያበስሩባት አበባ በአውሮፓ መጽሐፍ ውስጥ በትኋን ስም ተመዝግባ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየች።

መዝገቡን ያስተካከሉት የሀገራችን ሰው ናቸው። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ያለውን የቢደንስ ወገን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሥራ አደይንና እህቶቿን ወደ ቢደንስ ወገን አዛወሯቸው። ከእነዚህ አንዷ ዛሬ «ቢደንስ ማክሮፕቴራ» ትባላለች፤ ማክሮፕቴራ «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ነው። ዘሯ ዳርና ዳር ክንፍ የመሰለ ጠፍጣፋ ጠርዝ አለው። ከትኋን ወደ ክንፍ መሸጋገሯ ክብር ነው።

በ1980 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የኢትዮጵያን ዕፅዋት በሙሉ የመመዝገብ ትልቅ ሥራ ተጀምሮ ነበር። የአደይን ቤተሰብ የያዘውን ቅጽ የጻፉትም እኚሁ መስፍን ታደሰ ናቸው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ታተመ። የሥራው የመጨረሻ ቅጽ በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሠላሳ ዓመት ያህል የፈጀ ድካም ነው።

አንዲት የምትመስለው ብዙ ናት

አንድ የአደይ ራስ በእጃችን ይዘን ቀረብ ብለን እንመልከት። አንድ አበባ የመሰለን በአንድ ሰፌድ ላይ የተቀመጡ የብዙ አበቦች ማኅበር ነው።

ዳር ዳሩን የከበቡት ሰፋፊ ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ዘር አይዙም። ሥራቸው መጥራት ነው፤ ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ እንጨት ጫፍ እንደምትደፋው ጣሳ «እዚህ አለ» ብለው ለአላፊው ያሳያሉ። ቤት ያፈራውን የያዙት መሀል ላይ የተጠቀጠቁት ትንንሽ ቱቦ መሳይ አበቦች ናቸው። ጣፋጩ ፈሳሽም፣ የአበባው ዱቄትም፣ ኋላ የሚመጣውም ዘር ከእነሱ ነው። ደግሞም ሁሉም በአንድ ቀን አይከፈቱም። ከዳር ጀምረው በየተራ ወደ መሀል እየተከፈቱ ቀናት ይወስዳሉ። ስለዚህ አንዲት ንብ ዛሬ የጎበኘቻትን ራስ ነገም ብትመለስባት ባዶ እጇን አትሄድም። አንድ ራስ ላይ ዐርፋ ከቱቦ ወደ ቱቦ በእግሯ እየሄደች ትቀስማለች፤ ብዙ መብረር አያስፈልጋትም። በዚያው የአንዱን ተክል ዱቄት ለሌላው ታደርሳለች።

ንቦችና ረጅሙ ክረምት

ንብ ያረባ ሰው ክረምት ለንብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል። ዝናቡ ከቀፎ አያስወጣም፣ የሚቀሰም አበባም ጥቂት ነው። የተጠራቀመው ማር እያለቀ ይሄዳል፣ ሠራዊቱ ይመነምናል። የሀገራችን ንብ አርቢዎች በዚህ ጊዜ በሶ፣ ሽሮ ወይም በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ቀፎው አጠገብ በማስቀመጥ ንቦቻቸውን ያሻግራሉ። ይህን የሚያዘጋጁት ደግሞ ከጓዳ ሴቶቹ ናቸው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዎቹ አደዮች ሲፈነዱ ነገሩ ይለወጣል። ንቦቹ በኋላ እግሮቻቸው ቢጫ ዱቄት ተሸክመው መግባት ይጀምራሉ። የአበባ ዱቄት የንብ ልጆች ምግብ ነው፤ እሱ ሲገባ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣል ታበዛለች። አንድ እንቁላል ሠራተኛ ንብ ሆኖ እስኪወጣ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የወጣችው ወጣት ንብ ደግሞ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ቤት ታጸዳለች፣ ሕፃናትን ትመግባለች፣ ሰም ትሠራለች። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሜዳ የምትወጣው።

እስቲ ቀኑን እንቁጠር። መስከረም 1 ቀን የተጣለ እንቁላል በመስከረም 21 ገደማ ንብ ይሆናል፣ በጥቅምት አጋማሽ ለቀሰማ ይወጣል። የዋናው ማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። እንግዲህ የመስከረም መጀመሪያ አደይ ማር ከመስጠቷ በፊት ማሩን የሚሠሩትን ንቦች ታሳድጋለች። የዘመን መለወጫ ሳምንት ሜዳው ባዶ ከሆነ ጉዳቱ የሚታየው በኅዳር፣ ቀፎው ሲከፈት ነው።

ኑግም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኑግ የኢትዮጵያ ልጅ ነው፤ ከዱር አውጥተው ያላመዱት የሀገራችን ገበሬዎች ናቸው። ጠባዩ ደግሞ ልዩ ነው፤ አበባው የራሱን ዱቄት ተቀብሎ ዘር አይቋጥርም፣ የግድ ከሌላ የኑግ ተክል መምጣት አለበት። ያን የሚያመጣለት በዋናነት ንብ ነው። የኑጉ ማሳ በቢጫ ሲሸፈን በአደይ የበረቱት ንቦች ወደዚያ ይገባሉ። በጾም ወጥ ላይ የምናፈስሰው የኑግ ዘይት ከሜዳ አደይ ጋር የተያያዘው በዚህ መንገድ ነው።

ሴቶች፣ ማርና ቀፎ

ሀገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ጥንትም እንዲሁ የማር ሀገር ነበረች። ገበሬው ማር ለገዢው በግብር ያስገባ ነበር፣ የቤተ መንግሥቱ ጠጅ የሚጣለው በዚያ ነው። ሰሙ ጧፍ ሆኖ በየቤተ ክርስቲያኑ ይበራል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሴቶች እጅ ነበረበት። ቀፎውን በእበት የምትመርገው፣ ጠጁን የምትጥለው፣ ማሩን ገበያ አውጥታ የምትሸጠው ብዙውን ጊዜ ሴት ናት። ነገር ግን በብዙ አካባቢ ቀፎ የሚሰቀለው ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ነው፤ ማሩም የሚቆረጠው በሌሊት ነው። ስለዚህ ንብ ማርባት «የወንድ ሥራ» ተባለ፣ ገንዘቡም ወንዱ ኪስ ገባ።

ይህን የለወጠው የሽግግርና ባለ ፍሬም ቀፎ መምጣት ነው። እነዚህ ቀፎዎች ጓሮ ውስጥ፣ ከመሬት ብዙ ሳይርቁ ይቀመጣሉ። ዛፍ መውጣት ቀረ። በማኅበራችን ቀፎ የገዙ እህቶች ይህን ሥራ ሊጀምሩ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ጓሮ ያለ ቀፎ ግን ጓሮና ሰፈር ያለ አበባ ይፈልጋል፤ ንቧ ቅርብ ያገኘችውን ትመርጣለች፣ ሩቅ ለመብረር የምታወጣው ጉልበትም ከማሩ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ልጃገረዶችና ከተማ

አደይን ከሜዳ ወደ ቤት ያስገቡት ልጃገረዶች ናቸው። በጎጃምና በአንዳንድ አካባቢዎች የዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች ተሰብስበው ወደ ሜዳ ወርደው እንግጫ ይነቅላሉ፣ ይጎነጉናሉ፣ ከአደይ ጋር አድርገው ለዘመድ አዝማድ ያድላሉ። በእንቁጣጣሽ ዕለት «አበባዬሆሽ» እያሉ በየደጁ የሚዞሩትም እነሱ ናቸው። በመስከረም 16 ደመራው ሲቆም አደይ አብራ ትቆማለች። ደመራው የንግሥት እሌኒ መታሰቢያ ነው፤ በአራተኛው መቶ ዘመን መስቀሉን ፈልጋ ያስወጣች ሴት ናት። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መዝገቡ በዓሉን ይጠብቃል፤ አበባዋን ግን መዝገብ አይጠብቃትም።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ለመዲናችን «አዲስ አበባ» የሚል ስም ሲያወጡ ቦታው ሜዳና ምንጭ ነበር። ዛሬ በዚያች ከተማ የሚያድጉ ብዙ ልጆች አደይን የሚያውቋት ከከተማው ዳርቻ ታስራ ከመጣች በኋላ፣ ገበያ ላይ በእስር ስትሸጥ ነው።

ሜዳው ለምን ሳሳ?

አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቤትና መንገድ ነው። ሁለተኛው ግን በጥሞና መነጋገር የሚገባን ነው፤ የአረም መድኃኒት። ገበሬዎች «ቱ ፎር ዲ» የሚሉት መድኃኒት ሰፊ ቅጠል ያለውን ተክል ለይቶ ይገድላል። ስንዴ፣ ጤፍና ገብስ የሣር ዘር ስለሆኑ ይተርፋሉ። አደይ፣ መጭና ኑግ ሰፊ ቅጠል ናቸው። የሚረጨው ደግሞ በክረምት፣ አደይ ገና ሳታብብ ነው። ዘር ሳትጥል ትሞታለች።

መድኃኒቱን ማውገዝ ግን ቀላል አይደለም። ድሮ አረሙን ማን ያርም ነበር? እናቶቻችን፣ እኛና ልጆቻችን ነበርን። ክረምቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ሕፃን በጀርባ አዝሎ ማረም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ወገብ «መድኃኒቱ ይቅር» ሲባል ዝም ብሎ አይስማማም። ባለፈው ስብሰባችን በዚህ ጉዳይ የተከራከሩት ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው። ቀፎ ያላት እህት ማሯ ቀነሰ፤ ማሳ ያላት እህት ወገቧ ዐረፈ። ከአንድ ማኅበር ሁለት እህቶች ነገሩ ካጣላቸው ማኅበሩ ምን ይሠራል?

ከሁለቱም ወገን ሰምተን የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ማሳው መሀል ያለው አረም ለእህል ጠላት ነው፤ የማሳው ድንበርና የቦዩ ዳር ግን እህል አይዘራበትም። መድኃኒቱ እዚያ እንዳይደርስ ማድረግ ይቻላል። ነፋስ ባለበት ሰዓት አለመርጨት አንዱ ነው። ተባይ የሚገድል መድኃኒት ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ በቀጥታ ንቧ ላይ ስለሆነ፣ የሚረጭ ሰው ለጎረቤት ንብ አርቢ አስቀድሞ መናገር፣ መርጨትም ያለበት ንቦች ቤታቸው ከገቡ በኋላ ወደ ማታ ነው።

ምን እናድርግ?

ማሳ የሌላት፣ ቀፎም የሌላት እህት ድርሻ አላት።

አንደኛ፣ ከግቢያችን አንዲት ጥግ ለአደይ እንተው። አጥሩ ሥር ቢሆን ይበቃል። ለበዓል ግቢ ሲታጨድ ያቺ ጥግ ትለፍ፤ ኅዳር ወጥቶ ዘሯ እስኪረግፍ ማጭድ አይግባባት።

ሁለተኛ፣ ልጆቻችን አበባ ሲቀጥፉ ከነሥሯ እንዳይነቅሏት እናሳያቸው። ላይ ላዩን ከተቆረጠች የቀሩት ቅርንጫፎች ያብባሉ፣ ዘርም ይይዛሉ። ከአንድ ቦታ ጠራርጎ ከመውሰድ ከየቦታው ጥቂት ጥቂት መቁረጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ በኅዳር የደረቁትን ራሶች ሰብስበን በወረቀት ወይም በጨርቅ ቋጥረን በደረቅ ቦታ እናስቀምጥ። እርጥበት እንዳይነካው ላስቲክ አይሁን። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ መበተን፣ በስሱ አፈር ማልበስ ነው። ዘሩን ከቅርብ ሜዳ እንልቀም፤ የአካባቢውን አየርና አፈር የለመደ ነውና። ስንለቅምም ለመሬቱ ድርሻውን እንተውለት።

የኅዳር ስብሰባችን ላይ ዘር ያላት ለሌላት እንድታካፍል ሐሳብ ቀርቧል። አንዲት ጥግ ብቻዋን ቀፎ አትሞላም። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የሃምሳ እህቶች ሃምሳ ጥግ ለንቧ አንድ ሜዳ ነው።

አደይ በራሷ ትመጣለች ሲባል ኖሯል። ስትመጣ የኖረችው የሚተዋት ድንበር፣ የሚያልፋት ማጭድ፣ የሚጎበኛት ንብ ስለነበራት ነው። እነዚህን ካላሳጣናት ዘንድሮም፣ ለከርሞም ትመጣለች።

መልካም አዲስ ዓመት! ዘመኑ የሰላም፣ የጤናና የማር ያድርግልን።